የኢስታንቡል ቀዶ ሕክምና፣ የጅቡቲ ፀሐይ፦ የተተከለ ፀጉር ሲበላሽ ማን ይጠየቃል?

ከጅቡቲ ባሕርና ድንበር ተሻግሮ መታከም የቆየ ነገር ነው። ኢሳውም፣ አፋሩም፣ የመናዊውም ሆነ በከተማዋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የጠና ሕመም ሲገጥመው ዘመድ አዝማድ ተረዳድቶ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ህንድ፣ ከተቻለም ወደ ፈረንሳይ ይልከዋል። የቱርክ አየር መንገድ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ መብረር ከጀመረ ወዲህ ኢስታንቡልም ከነዚህ ተርታ ገብታለች። ወደዚያ የሚሄደው ግን ሁሉም በሽተኛ አይደለም። ጥርሱን ሊያሳምር፣ ሆዱን ሊያስጠብብ፣ የሸሸ ፀጉሩን ሊያስመልስ የሚሄድ ጤነኛም አለ።

የንግዱ አካሄድ የታወቀ ነው። ቲክቶክ ላይ የ"በፊት" እና የ"በኋላ" ፎቶ ይታያል፤ ደንበኛው የራሱን ፎቶ በዋትስአፕ ይልካል፤ ብዙም ሳይቆይ ዋጋ ይመጣለታል። ሆቴሉ፣ የሚቀበለው መኪና፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ሻምፖው፣ ሁሉም በአንድ ሒሳብ። ዋጋው 2,500 ዶላር ነው እንበል። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በዶላር 177.721 ላይ ተቆርጦ ስለቆየ ስሌቱ አያሻማም፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ ሳይጨመር ከ444,000 ፍራንክ በላይ ነው። በዚህ ገንዘብ የሚገዛው የሦስት ወይም የአራት ቀን አገልግሎት ነው። የተተከለው ፀጉር መጨረሻው የሚለየው ግን ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

የተበላሸ ንቅለ ተከላ ሲነሳ ወሬው ብዙውን ጊዜ በደንበኛው ከንቱነት ወይም በሐኪሙ ደካማነት ላይ ያልቃል። ከሁለቱም የሚብስ ጉድለት ግን አለ። ቀዶ ሕክምናው ይሸጣል፤ ክትትሉ አይሸጥም። ሰውየው አምቡሊ ሲያርፍ የሠራው ሐኪም ባሕር ማዶ ቀርቷል፤ እዚህ ያለው ሐኪም ደግሞ ምን እንደተሠራ የሚያውቅበት ወረቀት የለውም። ትንሹ ችግር ትልቅ የሚሆነው፣ ትልቁም የማይጠገን የሚሆነው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

የማይሞላ ጎተራ

ሙያው ራሱ የተመሠረተው በአንድ ቀላል እውነት ላይ ነው። ጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ ፀጉር ያለበትን ቆዳ በትንሽ ክብ መቁረጫ አንስቶ ጠባሳ ላይ የመትከል ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1939 አሳተመ። ከጦርነቱ የተነሣ ሥራው ከጃፓን ውጪ ሳይታወቅ ቆየ። የኒው ዮርኩ ኖርማን ኦሬንትራይክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ከኋላና ከጎን ራስ የተወሰደ ፀጉር ግንባር ላይ ቢተከልም የመጣበትን ቦታ ጠባይ እንደማይለቅ አሳየ። የኋላው ፀጉር ዘርን ተከትሎ በሚመጣው መመለጥ ብዙም ስለማይነካ፣ ፊት ላይ ሲተከልም ይጸናል።

በዚያ ዘመን የሚነሳው ቁራጭ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ውጤቱም የአሻንጉሊት ራስ የሚያስመስል፣ በየቦታው ችምችም ብሎ የበቀለ ፀጉር ሆነ። ዛሬ ግራፍት የሚባለው ከአንድ እስከ አራት ፀጉር ብቻ የያዘ የቆዳ ቅንጣት ነው። ወይ ከኋላ ራስ ቀጭን የቆዳ ሰንበር ተቆርጦ በማጉያ መነጽር ይበጣጠሳል፣ ወይም እያንዳንዱ ቅንጣት በትንሽ መብሻ አንድ በአንድ ይወጣል። አሁን በብዛት የሚሸጠው ሁለተኛው ነው።

ዘዴው ቢሻሻልም አንድ ነገር አልተለወጠም። የኋላ ራስ ጎተራ ነው፤ የተነሳለት እህል ግን አይተካም። አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ በደህና ሊወሰድለት የሚችለው ብዙውን ጊዜ ከ6,000 ግራፍት እምብዛም አያልፍም፤ ፀጉሩ ሳሳ ያለ ሰው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ያለው። ስለዚህ "በአንድ ቀን 5,000 ግራፍት እንተክላለን" የሚለው ማስታወቂያ ልግስና ይመስላል እንጂ ለነገ የሚቀረውን ሁሉ ዛሬ ማውጣት ነው። ከመጠን በላይ የተወሰደበት ማጅራት ብል እንደበላው ይሳሳል፤ ፊት ላይ የገባው ካልበቀለም መጠገኛ አይኖርም።

የግዙፍ ቁጥር ጉዳት ፀጉር ላይ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 በሙምባይ አንድ የ43 ዓመት ነጋዴ ከ9,000 በላይ ግራፍት በአንድ ጊዜ ካስተከለ በኋላ ሕይወቱ አለፈ። እንዲህ ያለው ሞት ብርቅ ነው። ቢሆንም የሰዓታት ቀዶ ሕክምና፣ ተደጋጋሚ የማደንዘዣ መርፌና በርካታ መድኃኒት የሚጠይቅ ሥራ እንደ ፀጉር ቤት አገልግሎት መታየት እንደሌለበት ያስታውሳል።

የተበላሸውና የዘገየው

ከኢስታንቡል በተመለሰ በሁለተኛው ወር መስታወት ፊት ቆሞ "ተበላሁ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። የተተከለው ፀጉር ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ መርገፉ የተለመደ ነው፤ ሥሩ ግን ከቆዳው ሥር ተኝቶ ይቆያል። አዲሱ ፀጉር ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ወር ጀምሮ ቀጭን ሆኖ ይወጣል፣ በስድስተኛው ወር አካባቢ ግማሽ ያህሉ ይታያል፣ በአሥራ ሁለተኛው ይሞላል። የመሐል አናት እስከ አሥራ ስምንተኛው ወር ሊዘገይ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የነገረው የሌለ ሰው በአራተኛው ወር ደንግጦ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ክሊኒክ ደግሞ ሊበቅል በነበረ ፀጉር መካከል ሌላ ይተክላል።

በሌላው ወገን፣ ሊጠበቅ የማይገባው ምልክት አለ። የተተከለበት ቆዳ ከጠቆረ ወይም ከሞተ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሕመሙ ቀን በቀን ከጨመረ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ፎቶ ልኮ መልስ መጠበቅ ሳይሆን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል፣ ጅቡቲ ላይ ከሆነ ወደ ፔልቲዬ መሄድ ነው የሚያስፈልገው።

የከተማዋ አየር ደግሞ ለዚህ ሥራ አይመችም። የተተከለው ግራፍት በደንብ እስኪይዝ አሥር ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ለሳምንታት ጠንካራ ፀሐይ፣ ብዙ ላብና መታሸት ይጎዱታል። በሐምሌ የኻምሲን ነፋስ አቧራውን ሲነዳ፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ዶራሌ ወደብ ላይ ሄልሜት አጥልቆ የሚውል ሠራተኛ ወይም ከፒኬ 12 እስከ ጋላፊ መኪናውን ተከትሎ የሚሮጥ ትራንዚተር ይህን ትእዛዝ እንዴት ይፈጽም? ከክሊኒኩ የሚሰጠው የጥንቃቄ ወረቀት የተጻፈው ሆቴል ውስጥ ለሚያርፍ ሰው ነው። ወሩን መምረጥ፣ ከአሠሪ ጋር ስለ ፈቃድ መነጋገር የሕክምናው ክፍል ነው፤ የሚያነሳው ሻጭ ግን ብርቅ ነው።

ለእኛ ፀጉር ያልተቀረጸ መሣሪያ

በአፍሪካ ቀንድ አገሮች ለምንኖር ሰዎች ነገሩን የሚያከብደው የፀጉራችን ጠባይ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር የሚጠቀለለው ከቆዳው በላይ ብቻ አይደለም፤ ሥሩም ከቆዳው በታች ይታጠፋል። ቀጥ ያለ መብሻ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የታጠፈውን ሥር ከመሐል ሊቆርጠው ይችላል፤ የተቆረጠ ሥር ደግሞ አይበቅልም። ለዚህ ሥራ የተለየ መብሻ፣ የተለየ ማዕዘን፣ ከሁሉ በላይ የለመደ እጅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሚሠራው የቆዳ ሐኪም ሳኑሲ ኡማር በአፍሪካዊ ፀጉር አወጣጥ ላይ ለዓመታት ያሳተመው ሥራ ችግሩ መፍትሔ እንዳለው ያሳያል። መፍትሔው ግን በሁሉም እጅ የለም። በቀን ብዙ ደንበኛ የሚቀበል፣ ልምዱም በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ የሆነ ክሊኒክ "እንችላለን" ማለቱ አይበቃም። ከደንበኛው ጋር የሚመሳሰል ፀጉር ያላቸው ሰዎች የዓመት ውጤት ይታይ።

ጥሩውም ዜና ከዚሁ ፀጉር ይመጣል። የተጠቀለለ ፀጉር ቆዳን በደንብ ይሸፍናል፤ ለቀጥ ያለ ፀጉር ከሚያስፈልገው ያነሰ ግራፍት ሊበቃው ይችላል። "ብዙ በተተከለ ቁጥር ይሻላል" የሚለው የሻጮች አባባል ለእኛ ራስ ሁለት ጊዜ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ፀጉሩ ለምን እንደሄደ ነው። ሁሉም መመለጥ የዘር አይደለም። በልጅነት የታመመው ቆረቆር ከባድ ከነበረ ጠባሳ ጥሎ ሊያልፍ ይችላል። ለዓመታት ተጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ወይም ከባድ ቅጥል ፀጉር የሴቶችን የግንባር ዳር ያሸሻል፤ መጎተቱ ካልቆመ የሚተከለውም ተመልሶ ይሄዳል። ከመሐል አናት ጀምሮ ዙሪያውን እየሰፋ ሥሩን ወደ ጠባሳ የሚለውጥ በሽታ በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ በሽታው ሳይበርድ መትከል እሳት ላይ መዝራት ነው። ላሽም ሰውነት የራሱን ፀጉር የሚዋጋበት ችግር ስለሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ይህን ለመለየት የቆዳ ሐኪም በማጉያ ሊያየው፣ አንዳንዴም ትንሽ ናሙና ወስዶ ሊያስመረምር ይገባል። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ አይለየውም። ቁስል ሲደርስበት ጠባሳው የሚያብጥ ቆዳ ያለውም ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት።

የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣቶች ሌላ አደጋ አለባቸው። የተተከለው ይጸናል፤ ዙሪያው ያለው የተፈጥሮ ፀጉር ግን መሄዱን ይቀጥላል። ከዓመታት በኋላ ፊት ላይ አንድ መስመር ፀጉር፣ ከጀርባው ደግሞ ባዶ ሜዳ ይቀራል። በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ማይኖክሲዲል እ.ኤ.አ. በ1988፣ ፊናስተራይድ በ1997 ለዚህ ዓይነቱ የፀጉር መሳሳት ተፈቅደዋል። ሁለቱም ተአምር አይሠሩም፤ በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ግን መሸሹን ያዘገያሉ። ፊናስተራይድ በጥቂት ወንዶች ላይ ከወሲብ ጋር የተያያዘ ጉዳት ስለሚያመጣ፣ ነፍሰ ጡር ሴትም የተሰበረውን ክኒን መንካት ስለሌለባት፣ ከገበያ ዝም ተብሎ የሚገዛ አይደለም። ስለነዚህ መድኃኒቶች አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚያጣድፍ ሻጭ የደንበኛውን የአሥር ዓመት ራስ አላሰበም።

ዋስትናው የሚከፈለው ከማን ነው?

"የዕድሜ ልክ ዋስትና" የሚለው ሐረግ ብዙ ሰው ያማልላል። ሲፈታ ግን ብዙውን ጊዜ "ካልበቀለ በነፃ ደግመን እንተክላለን" ማለት ነው። ቲኬቱ የደንበኛው ነው፣ ከሥራ የሚቀርበት ቀን የደንበኛው ነው። ከሁሉ የሚብሰው፣ ድጋሚ የሚተከለው ፀጉርም የሚወጣው ከዚያው ከተራቆተው ማጅራት ነው። ሻጩ ለጥፋቱ ካሣ የሚከፍለው ከተበዳዩ ሀብት ላይ ቆርሶ ነው ማለት ነው። ከሌላ ሰው ፀጉር መውሰድ ስለማይቻል፣ ክሊኒኩ ከራሱ አውጥቶ የሚሰጠው ነገር የለም።

በቱርክ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሕጉ የሕክምና ሥራ ብሎ የሚያውቀው፣ ፈቃድ ባለው ተቋም በሐኪም ኃላፊነት መሠራት ያለበት ነገር ነው። ብቁና ስመ ጥር ሐኪሞችም አሏት። ከዚያ ጎን ግን ሐኪሙ ስሙን ብቻ የሰጠባቸው፣ መብሳቱንም መትከሉንም ሌሎች የሚሠሩባቸው ቤቶች መኖራቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፀጉር ማስመለስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ይህን የጥቁር ገበያ ሥራ የሚቃወም ዘመቻ ከከፈተ ቆይቷል፤ የተበላሸባቸውን ሰዎች ጥገና የሚያስታውስበት ቀን አድርጎም ኖቬምበር 11ን ሰይሟል። ለጥገና ብቻ ቀን መሰየም ማስፈለጉ የችግሩን ስፋት ይናገራል።

ከጅቡቲ የሄደ ሰው መብቱን ልጠይቅ ቢል ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። የፈረመው ወረቀት በቱርክኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ የሚያነበው ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ ወይም አማርኛ ሊሆን ይችላል። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደረሰኝ ላይኖር ይችላል። ከመካከል ያገናኘው ደላላ ኮሚሽኑን ወስዶ ወጥቷል። ዘመዱም "ማን ሂድ አለህ?" ይለዋል።

የዝምታው ዋጋ

ይህ የዘመድ ንግግር ቀላል አይደለም። ራሰ በራነት በእኛ ዘንድ የቀልድ ርእስ ነው፤ ፀጉር ለማስተከል መሄድ ደግሞ ከዚያ የባሰ ቀልድ ነው። ስለዚህ የተበላሸበት ሰው ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። እሱ ዝም ሲል የሚቀጥለው ደንበኛ የሚያየው የሻጩን ፎቶ ብቻ ይሆናል። ለመጥፎ ክሊኒክ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

ጉዳዩ የከንቱነት ነው የሚለውም ወግ አያስኬድም። በመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 ከአፄ ቴዎድሮስ አስከሬን ላይ የተወሰደው ቁንዳላ ከለንደን ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2019 ነው፤ መንግሥት የጠየቀው ከንቱ ሆኖ አይደለም። ጅቡቲም ሽማግሌው ጺሙን ሂና የሚቀባባት ከተማ ናት። መልኩን የሚጠብቅ ሰው ክብሩን ይጠብቃል፤ መልኩ ሲበላሽበትም የሚታመመው ክብሩ ነው።

ሕመሙ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል የፈረንሳይ መገናኛ ብዙኃን እ.ኤ.አ. በ2024 በስፋት ዘግበዋል። የ24 ዓመት ተማሪ በዚያው ዓመት በማርች በ1,300 ዩሮ ኢስታንቡል ላይ የጺም ንቅለ ተከላ አሠራ። የበቀለው ፀጉር አቅጣጫው የተዛባ ነበር፤ ሕመም ነበረው፣ እንቅልፍም ራቀው። አባቱ እንደተናገሩት፣ ሠራሁ ያለው ሰው ቀዶ ሐኪም ሳይሆን የቤት ሽያጭ ደላላ ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ በሦስተኛው ወር ሕይወቱን አጠፋ። ይህ የሁሉም ዕጣ አይደለም። ቤተሰብ ግን ሊማርበት ይገባል፤ ከቤት መውጣት ያቆመ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ የሚውል ሰው ከፀጉር ሐኪሙ በፊት የሚያዳምጠው ሰውና የአእምሮ ሐኪም ያስፈልገዋል። ቀልዱም እዚያ ላይ መቆም አለበት።

ከተበላሸ በኋላ

የመጀመሪያው ሥራ ማስረጃ መሰብሰብ ነው። ማን ሠራው፣ ስንት ግራፍት ወጣ፣ ስንት ተተከለ፣ ምን መድኃኒት ተሰጠ የሚል የቀዶ ሕክምና ሪፖርት በጽሑፍ ይጠየቅ። በየወሩ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ማዕዘን ፎቶ ይነሳ። ሁለተኛው ሥራ የቆዳ ሐኪም ማየት ነው፤ የሚሸጠው ቀዶ ሕክምና የሌለው ሐኪም ቢሆን ይመረጣል። አዲስ አበባ ከጅቡቲ ከሁለት ሰዓት ባነሰ በረራ የምትደረስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልም የቆዳ ሕክምና ነባር ቤት ነው። ሦስተኛው መታገሥ ነው። አስቸኳይ ችግር ከሌለ ቢያንስ 12 ወር ሳይሞላ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አይታሰብም።

ከዚያ በኋላ ጥገናው እንደ ጉዳቱ ይለያያል። ዝቅ ብሎ ወይም ቀጥ ብሎ የተሠራ የግንባር መስመር ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሊተከል፣ ወይም በሌዘርና በኤሌክትሪክ መርፌ ሊጠፋ ይችላል። በወፍራሙ የተተከለው ፊት ነጠላ ፀጉር ባላቸው ግራፍቶች ይለዝባል። ያበጠ ጠባሳ በስቴሮይድ መርፌ ይታከማል። ማጅራቱ ለተራቆተ ሰው የጺም ፀጉር አንዳንዴ ምንጭ ይሆናል። ግራፍት ላልቀረው ደግሞ ቆዳው ላይ በቀለም ነጥብ እየጣሉ ተላጭቶ የበቀለ ፀጉር ማስመሰል አለ። ፀጉርን አሳጥሮ መላጨትም ያልተሸነፈ ሰው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ጥሩ የጥገና ሐኪም የሚታወቀው "ይህን ያህል ይሻሻላል፣ ይህ ግን አይመለስም" ብሎ በመናገሩ ነው። እንደ አዲስ አደርግልሃለሁ የሚል ሰው ሁለተኛው ሻጭ ነው።

ደላላውና ማስታወቂያ ሠሪውም ከተጠያቂነት መውጣት የለባቸውም። ከእያንዳንዱ ደንበኛ ኮሚሽን የሚቀበል ሰው የክሊኒኩን ፈቃድ፣ የሐኪሙን ስምና የዓመት ውጤት የማሳየት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ንቅለ ተከላ እንሠራለን የሚሉ ክሊኒኮች እየተከፈቱ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ጤና ተቆጣጣሪዎችም ጉዳዩን የቱርክ ችግር ብለው የሚያልፉት አይደለም። ለቅርበታቸው ዋጋ የሚሰጠው ደንበኛውን በዓመቱ መልሰው የሚያዩት ከሆነ ብቻ ነው።

ገና ያልሄደ ሰው ደግሞ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ስለ ግራፍት ብዛትና ስለ ሆቴሉ ኮከብ የሚጠይቀውን ያህል አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ በአሥረኛው ቀን፣ በስድስተኛው ወርና በአሥራ ሁለተኛው ወር ጅቡቲ ላይ ሆኜ የሚያየኝ ሐኪም ስሙ ማን ነው? ስም ከተሰጠው፣ ያ ሐኪምም መስማማቱን በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ ገንዘቡ ሕክምና ገዝቷል። ስም ካልተሰጠው 444,000 ፍራንኩ በኪሱ ይቆይ።